ከመነሣቱ በፊት የተነባበረ ፎቶግራፍ፦ ትዝታ፣ ቁስና የሴት ምስል በላላ እሳይዲ ሥራዎች

መግቢያ

በፎቶግራፍ ጥበብ ንብርብር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በጨለማ ክፍል ወይም በኮምፒውተር አንዱን ምስል በሌላው ላይ ማሳረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በሞሮኮ የተወለደችው ላላ እሳይዲ ግን ንብርብሩን የምትሠራው ፎቶው ከመነሣቱ በፊት፣ በሴቶቹ ገላ፣ በልብሳቸውና በግድግዳው ላይ በእጇ በመጻፍ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ንብርብሩ የተመልካቹን ዕይታ እንዴት እንደሚገታ ይመረምራል።

ቤቱና ሂናው

“ኮንቨርጂንግ ቴሪቶሪስ” የተሰኘው ተከታታይ ሥራ የተነሣው ሰው በማይኖርበት ሰፊ የቤተሰቧ ቤት ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ወጣት ሴቶች ከሥርዓት ወጡ ሲባል ወደዚህ ቤት ይላኩ ነበር፤ አገልጋዮች አብረዋቸው ቢኖሩም የሚያነጋግራቸው አልነበረም። እሳይዲ ዝምታ ቅጣት በነበረበት በዚህ ቤት ሴቶችን ሰብስባ ግድግዳውንና ልብሱን በጽሑፍ ሸፈነች።

የጽሑፉ ቁስም ትርጉም አለው። የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት በአብዛኛው የወንዶች ሙያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሂና ግን በሠርግና በመሳሰሉት ሥርዓቶች የሴቶች መዋቢያ ነው። እሳይዲ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ትጽፋለች። ቃላቱ ከግል ማስታወሻዋ የመጡ ቢሆኑም በልብሱ እጥፋት ውስጥ ይሰወራሉ፤ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው እንኳ ሙሉውን ታሪክ አያገኝም።

የተወረሰው ምስል

ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንግር ምሥራቁን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1814 “ላ ግራንድ ኦዳሊስክ”ን ሣለ። እሳይዲ እ.ኤ.አ. በ2008 “የሞሮኮ ሴቶች” በተሰኘው ተከታታይ ሥራዋ የሴቲቱን አቀማመጥ አስቀርታ ሰማያዊውን መጋረጃና ሐሩን በጽሑፍ በተሞላ ነጣ ያለ ጨርቅ ተካችው። የፊልሙም ጥቁር ጠርዝ ሳይቆረጥ ስለሚታተም፣ ተመልካቹ የሚያየው ታስቦበት የተሠራ ምስል እንደሆነ ይታወሰዋል።

ምስሎቹ እጅግ ውብ በመሆናቸው የሚተቹትን ዕይታ መልሰው ያስደስታሉ የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ጽሑፉን እንደ ጥልፍ አይቶ የሚያልፍ ተመልካች ተመልሶ የአንግር ሥዕል ፊት ይቆማል። ለማንበብ የሞከረ ግን ይሰናከላል፤ ሴቲቱ ስለ ራሷ የምትናገረው እንዳለ፣ ሁሉንም ግን እንደማትነግረው ይረዳል።

ማጠቃለያ

በእሳይዲ ሥራ የግል ትዝታ የሚገለጠው በከፊል በመሸፈን ነው። ስለዚህ ንብርብር ፎቶግራፍን የሚያጠና ሰው በምስሉ ላይ ምን እንደተጨመረ ከመዘገበ በኋላ፣ የተጨመረው ነገር ምን እንዳይታይ እንዳደረገና ይህንንም የወሰነው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል።