ሐኪም ለመሆን ለሚመኝ ተማሪ

በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው በይበልጥ የፈተና ውጤት ነው፤ ነገር ግን ውጤት ብቻውን የሐኪምን ጠባይ አይሰጥም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይህን በመገንዘብ፥ ተማሪዎቹን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ በሕዝቡ መካከል ያሠለጥናቸው ነበር።

እኛስ በቱላ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ እንማር፤ የሚደማን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነፍስ ያድናልና።

ሁለተኛ፥ ሲዳምኛንም አማርኛንም አጥርተን እንናገር፤ በሽተኛ ሕመሙን አብልጦ የሚያስረዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

ሦስተኛ፥ የታመመ ጎረቤትን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በሰዓቱ እንዲወስድ እንርዳው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ደም ማየትና የሕመምተኛን ጣር መስማት የማይሆንለት ሰው፥ ብዙ ዓመት ሳይደክም አስቀድሞ ራሱን ይወቅ፤ የሚሆንለትም ከዛሬ ይጀምር።