የሚያስተምሩት ነገር ከወዴት ይገኛል?

በዘመናችን ትምህርት በአራት ግድግዳ ተከልሎ የሚሰጥ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ዕውቀት ያለው ሰው በቤቱ ተቀምጦ ትምህርቱን በኢንተርኔት ቢያስተላልፍ፣ አይቶት የማያውቀው ተማሪ በሩቅ አገር ሆኖ ይከታተለዋል። በአገራችንም በዩቲዩብና በቴሌግራም ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ቋንቋና የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ከተማሪዎችም መካከል ታናናሾቻቸውን በዚሁ መንገድ የሚረዱ ይገኛሉ። ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም፦ «ዛሬ ደግሞ ምን ላስተምር?» የሚል ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የዚህ ጥያቄ መልስ ከወዴት እንደሚገኝ በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከራሱ ዕውቀት ውስጥ ነው። የሚያውቀውን ይዘረዝርና ከሚወደው ይጀምራል። ነገር ግን ዐዋቂ የሆነ ሰው ጀማሪው የሚቸገርበትን ነገር በግምት ብቻ ሊደርስበት አይችልም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ሙከራ ኤሊዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አድርጋ ነበር። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን በልቡ እያሰበ ምቱን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው አድምጦ የዘፈኑን ስም ይናገራል። መቺዎቹ ከዘፈኖቹ እኩሌታው ያህል ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር። ከተመቱት 120 ዘፈኖች ግን የታወቁት 3 ብቻ ሆኑ። መቺው ዜማው በውስጡ ይሰማዋል፤ ለሰሚው ግን የጣት ኳኳታ ብቻ ነው። አስተማሪም እንዲሁ ነው። ተማሪው ያልጠየቀውን ሲመልስ ውሎ፣ የጠየቀውን ሳይመልስለት ይቀራል። አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ያሉት ለዚህም የሚሆን ይመስለኛል።

እንግዲህ የትምህርቱ አርእስት የሚገኘው ከአስተማሪው መጽሐፍ ሳይሆን ከተማሪው ችግር ነው። ይህንንም ሁለት ምሳሌዎች ያስረዱናል።

የመጀመሪያው ሳልማን ካን ነው። ይህ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በገንዘብ ሥራ ላይ ሳለ፣ በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት የሥጋ ዘመዱ በሒሳብ ትምህርት መለኪያዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ አስቸግሯት ነበርና በስልክ ያስረዳት ጀመር። ሌሎች ዘመዶቹም ሲበዙበት በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ በዩቲዩብ ላይ አኖረው። ዘመዶቹም ከእሱ ከራሱ ይልቅ ቅጂውን እንደሚመርጡ ነገሩት፤ ያልገባቸውን ያለ ኀፍረት ደጋግመው ለማየት ስለ ቻሉ ነው። በ2008 የተቋቋመው ካን አካዳሚ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ነው። መነሻው ግን ትልቅ እቅድ ሳይሆን የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ኢንተርኔት ከመኖሩ በፊት የነበረ ነው። ፓውሎ ፍሬሬ የተባለው የብራዚል መምህር በ1963 እ.ኤ.አ. አንጂኮስ በተባለች ከተማ 300 ያህል ሰዎችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ተነሣ። የፍሬሬ ዘዴ መጽሐፍ ከማዘጋጀት አይጀምርም፤ አስተማሪዎቹ አስቀድመው ወደ ሕዝቡ ሄደው ሰዎቹ በሥራቸውና በኑሯቸው የሚናገሯቸውን ቃላት ይሰበስባሉ። ከእነዚህ ቃላት አንዱ «ቲዦሉ» ሲሆን ትርጓሜው ጡብ ማለት ነው። ቃሉን በየድምፁ ከፍለው፣ ከመጀመሪያው «ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ» እያሉ ልክ እንደ ፊደል ገበታችን ያራቡታል። ጡብ ሲሸከም የኖረ ሰው ጡብ ብሎ መጻፍ ሲችል ትምህርቱ የራሱ ይሆናል። በ1964 በብራዚል መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ሥራው ቆመ፤ ፍሬሬም ታስሮ ኋላም ከአገሩ ተሰደደ። ዘዴው ግን በብዙ አገር ተስፋፋ።

አሁን ደግሞ ይህ በእኛ ዘንድ በተግባር እንዴት እንደሚሆን በሦስት ክፍል ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ጥያቄውን በተማሪው አነጋገር መሰብሰብ ነው። እኔና ጓደኞቼ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በቴሌግራም የሒሳብ ትምህርት ከመጀመራችን በፊት፣ ስም የማይጻፍባቸውን ወረቀቶች በየክፍሉ አደልን። ከመጡት ጥያቄዎች አንዱ «በነጌቲቭ ሲባዛ የማነስና የመብለጥ ምልክት ለምን ይገለበጣል?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ነው፤ መልሱም ከገበያ ይገኛል። 2 ብር ያለው ሰው 5 ብር ካለው ያንሳል። 2 ብር ዕዳ ያለበት ግን 5 ብር ዕዳ ካለበት ይሻላል። ገንዘቡ ወደ ዕዳ ሲለወጥ ብልጫውም ተገለበጠ ማለት ነው። ከጠያቂዎቹ ሌሎቹን ደግሞ ያስቸገራቸው ሒሳቡ ሳይሆን የእንግሊዝኛው ቃል ነበር። ነገሩን በአማርኛ ሲነግሯቸው ያውቁታል። ስለዚህ ለእነርሱ የሚያስፈልገው አርእስት የቃላት ትርጓሜ ነው።

ሁለተኛ፤ የተሳሳቱትን መልሶች መመርመር ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ስሕተት ያልተነገረ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ «ሁለት አምስተኛ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ይህ ተማሪ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሯል። ሁለት አምስተኛ ግን ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ የያዘ ሰው ሲጨመርለት እንዴት ከግማሽ በታች ይቀርለታል? ብለን ብንጠይቀው ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መልስ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ለማስረዳት አያስቸግርም።

ሦስተኛ፤ ያልተጠየቀውን ማወቅ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ ተማሪው መኖሩን የማያውቀውን ነገር ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ አስተማሪው በጥያቄ ጀምሮ በዚያው አይቆምም፤ ለዚህ መሠረቱ ምንድን ነው? ከዚህስ ቀጥሎ ምን ይመጣል? እያለ ወደ ታችና ወደ ላይ ይሄዳል። ፈተና ሲቀርብ ብዙው ሰው የሚጠይቀው አቋራጭ መንገድ ነው። አቋራጩን ብቻ የሚሰጥ አስተማሪ ብዙ ተመልካች ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የተመልካች ብዛት የትምህርት ጥራት ማለት አይደለም። አቋራጩን ለሚጠይቅ ተማሪ ከአቋራጩ ጀምሮ ምክንያቱን ማሳየት የተሻለ ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር የተነገረውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን በ9ኛ ክፍል ያልተጠየቀች አንዲት ጥያቄ እስከ 12ኛ ክፍል ተከትላ እንደምትመጣ የማያውቅ ተማሪ የለም። በክፍል ውስጥ እጁን ለማንሣት የሚያፍር ልጅ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄው ከእርሱ ጋር ያድራል።

ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችን ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የሚጠይቅበትን መንገድ ቢያዘጋጁልን፣ ወላጆቻችንም ማታ «ምን ያህል አገኘህ?» ከሚሉን ይልቅ «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» ቢሉን ትልቅ እርዳታ ይሆንልናል። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ ከመካከላችሁ ለማስተማር የምታስቡ ብትኖሩ፣ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር ያዙና በመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሳችሁን ሐሳብ ሳይሆን የአንድ ታናሽ ተማሪ ጥያቄ፣ እርሱ እንደ ተናገረው አድርጋችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ትምህርታችሁ እርሱ ነው።