የግቡ አፍ ጭቃ ሆነብን

ጥያቄ፦ በጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ የምንኖር ወጣቶች ነን። የኳስ ሜዳችንን በደቦ እንንከባከባለን፤ ክረምት ሲገባ ግን የግቡ አፍ ይጨቀያል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልፋታችሁ ያኮራል። ሜዳውን የሚጎዳው የሚተኛበት ውኃ ነውና ግንቦት ሳያልቅ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቅደዱ። አፈሩ እርጥብ ሳለ ጣት ላይ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ዋልካ ነው፤ ሳይጠነፍፍ አትጫወቱበት። የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ሣር ሥር አይሰድበትም።

ለግቡ አፍ ከሰርዶ የተሻለ አላውቅም። ሐረጉን ከነሥሩ ቆርጣችሁ በሐምሌ በየስንዝሩ ትከሉት፤ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይዘረጋል። እስኪይዝ ግቡን ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሕጉ ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመት ይፈቅዳል። ሜዳው ከእርሻ ከተዋሰነ ግን ዳር ዳሩን ሳትሰለቹ አርሙ፤ ሰርዶ ለገበሬው ክፉ አረም ነው።