ልጄን ተቀበሉልኝ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ

«አካል ጉዳተኛ ልጄን ወርክሾፕ ተቀበሉልኝ፤ በሰዓት ሦስት ዶላር ይከፍሉታል፤ ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?» ከቅዳሴ በኋላም፣ ለቅሶ ቤትም፣ በስልክም መልሼ መልሼ ደክሞኛል።

አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ «ፎርቲን ሲ» በሚሉት ክፍሉ፣ ከዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር ሰርተፊኬት የያዘ አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ከ7.25 ዶላር በታች እንዲከፍል ይፈቅዳል። ሜሪላንድ በ2020 አስቀርታዋለች፤ ቨርጂኒያ ግን እስከ 2030 ቀስ በቀስ ነው የምታስቀረው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የተከለከለው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ሊገጥማችሁ ይችላል። ሰርተፊኬቱን አሳዩን በሉ። ከሌለ ሙሉ ክፍያ ነው።

ቢኖርም አላለቀም። ጉዳቱ በዚያው ሥራ ላይ ምርቱን የሚቀንስ መሆን አለበት። በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ከሆነ በምን ሒሳብ ይቀነስበታል? ክፍያው የሚወጣው ፍጥነቱ በሰዓት ተለክቶ፣ ጉዳት ከሌለበት ሠራተኛ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ በሰዓት የሚከፈለው ደግሞ ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንደገና መለካት አለበት። እጁ ሥራውን ሳይለምድ የወጣለት ቁጥር ለዓመታት ሲከተለው ግን ጠያቂ የለም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባው የነበረ ልጅ ዛሬ «ሥራ አለው» መባሉ ብቻ አጥግቦናላ! ውለታ የዋሉልን ይመስለናል፤ ውለታ አይደለም፣ ላቡ ነው።

«ብዙ ካገኘ ኤስ ኤስ አይ፣ የመንግሥት ድጎማው፣ ይቆረጥበታል» የሚለው የቡና ወሬ ደግሞ ስንቱን ቤት አደኸየ። ሌላ ገቢ ከሌለው ከወር ደመወዙ 85 ዶላር አይቆጠርም፤ ከቀሪው የሚቀነሰው ግማሹ ነው። 1,085 ቢያገኝ ኤስ ኤስ አዩ በ500 ይቀንሳል፤ ታክሱን ትተን 585 ተረፈው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ከተቀመጠ ድጎማው ይቆማል። እባካችሁ የዕቁባችሁንና ለአገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ በእሱ አካውንት አታሳልፉ! የራሱን ቁጠባ «ኤብል» በሚባለው የአካል ጉዳተኞች አካውንት ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ክፍያው ካልጣማችሁ በዳኛ እንዲታይ ማመልከት መብት ነው፤ መነሻው የዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር ስልክ 1-866-487-9243 ነው፤ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ፔይ ስተቡን ያዙ። ልጁ 18 ከሞላውና ፍርድ ቤት ሞግዚት ካላደረጋችሁ ደግሞ የሥራ ወረቀቱን ፈራሚው እሱ ነውና ስትደውሉ አጠገባችሁ አስቀምጡት።