ስልካችሁ «ቦታ የለም» ሲል ምን ይደረጋል?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ዘር አይደለም፤ በኪሳችሁ ስላለው ስልክ ነው። ይህ ግን ከእርሻ ሥራ የራቀ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ ያህል፥ በእብናት ወረዳ የሚሠራ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ገበሬ ጠርቶት የስንዴ ማሳ ሊያይ ሄደ እንበል። በቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት በመስመር በመስመር ተሰልፎ ያገኛል። ነገሩ ቢጫ ዋግ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ደብረ ታቦር ላለው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሊልክ ካሜራውን ሲከፍት፥ ስልኩ «በቂ ማከማቻ ቦታ የለም» ብሎ እምቢ ይለዋል። ቢጫ ዋግ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጥ በሽታ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ስንዴ አብቃይ በሆኑት የአገራችን ክፍሎች ተነሥቶ ያደረሰውን ጥፋት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሠራተኛው በችኮላ ቦታ ለማግኘት ሲል ዓምና የመዘገባቸውን የማሳ ፎቶግራፎች ይሰርዛል፤ ለሥራው የማይረዱት ረጃጅም ቪዲዮዎች ግን በቦታቸው ይቀራሉ። ለዘር የተቀመጠውን እህል አውጥቶ ገለባውን በጎተራ እንደ መተው ያለ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ስልኩ ከውስጥ እንዴት እንደ ተሠራ ጥቂት ማወቅ ያሻል። በአካባቢያችን በብዛት የሚገኙት ዘመናዊ ስልኮች፥ ቴክኖም ሆነ አይቴል ሳምሰንግም ሆነ፥ የሚሠሩት አንድሮይድ በሚባል ሥርዓት ነው። የአንድሮይድ መሠረት ደግሞ ሊኑክስ ይባላል፤ ይህንንም ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል ብትሉ፥ ከሊኑክስ ጠባይ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው፥ ሥርዓቱ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ መውሰዱ ነው። በካርቶኑ ላይ «16 ጊጋባይት» ተብሎ ቢጻፍም ለእናንተ የሚተርፈው ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። ሻጩ አታለለኝ ብላችሁ አትጣሉ። ሁለተኛው፥ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘውን ፋይል ብትሰርዙት ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ፥ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ስለዚህ ከጽዳት በኋላ ቦታው ካልጨመረ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ይገባል። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አያደርገውም።

ብዙዎቹ ስልኮች ባዶው ቦታ 500 ሜጋባይት ግድም ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ማስጠንቀቂያውን ቸል ብላችሁ ብትቀጥሉ ካሜራው አይሠራም፥ ፕሮግራሞች አይታደሱም፥ የጽሑፍ መልእክትም አልቀበል ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ምንም ሳትሰርዙ ተመልከቱ። «ቅንብሮች» የሚለውን ከፍታችሁ «ማከማቻ» የሚለውን ስትነኩ፥ ቦታውን የያዘው ፎቶግራፍ፥ ቪዲዮ ወይም ፕሮግራም መሆኑን ስልኩ ራሱ በየዓይነቱ ለይቶ ያሳያችኋል። አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት ይይዛል፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን 100 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ደቂቃ ቪዲዮ ማንሣት ሠላሳ ያህል የማሳ ፎቶግራፍ ከመሰረዝ ያድናል። እኔ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር ጠብ የለኝም፤ ነገር ግን ያው ሠርግ በሦስት ሰው ስልክ ተቀርጾ ሦስቱም ወደ አንዱ ስልክ ሲላኩ ጎተራው መሙላቱ አያስደንቅም።

በእኛ አገር ግን ዋናው ቦታ በሊታ አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም ነው። በየቡድኑ የተላለፈውንና እናንተ አንድ ጊዜ የከፈታችሁትን ምስልና ቪዲዮ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል። ይህን ለማጽዳት በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚናገረውን ክፍል ከፍታችሁ፥ የማከማቻ አጠቃቀሙን አይታችሁ «ካሽ» የሚባለውን አጽዱ። የጸዳው ነገር በቴሌግራም ማኅደር ስለሚቆይ ስትፈልጉት እንደ ገና ይወርዳል፤ ነገር ግን ለማውረድ የኢንተርኔት ሒሳብ ያስከፍላችኋልና የምትፈልጉትን የሥልጠና ቪዲዮ ለይታችሁ አስቀሩ። እዚያው ላይ ምስሎች ለምን ያህል ጊዜ እንዲቀመጡ ለመወሰን የሚያስችል ቦታ አለ፤ አንድ ሳምንት ብትሉት ከዚያ ወዲህ ራሱ ያጸዳል።

ዋትሳፕ እንደዚህ አይደለም። ከእርሱ የሰረዛችሁት ፎቶግራፍ ተመልሶ ላይገኝ ይችላል፤ በዚያ ስትሠሩ እጃችሁን ሰብስቡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። በስልኩ ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ፕሮግራም «ካሽ አጽዳ» እና «ዳታ አጽዳ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ለፍጥነቱ ሲል ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ነገር ብቻ ያነሣል፤ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ የመዘገባችሁትንና ያልላካችሁትን ሁሉ ያጠፋል። በበረሃ አንበጣው ወረርሽኝ ጊዜ፥ በ2020 እ.ኤ.አ.፥ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለአንበጣ መቈጣጠሪያ ኢሎከስት ሦስት ኤም የሚባል የስልክ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። እንደዚህ ያለውን መመዝገቢያ በመስክ የሚጠቀም ሠራተኛ፥ መረጃው መላኩን ሳያረጋግጥ «ዳታ አጽዳ» የሚለውን መንካት የለበትም። በቴሌብር ያላችሁ ገንዘብ ግን በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በሒሳባችሁ ስለ ተመዘገበ፥ ፕሮግራሙ ቢሰረዝም አይጠፋም፤ እንደ ገና ጭናችሁ በቁጥራችሁ ትገባላችሁ።

ሌላው የተለመደ አቤቱታ «ሰርዤ ሰርዤ ቦታው አልጨመረም» የሚል ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች የተሰረዘውን ፎቶግራፍ ወዲያው አይጥሉትም፤ ምናልባት ተጸጽታችሁ ብትመለሱ ብለው 30 ቀን ያህል ያቈዩታል። እስከዚያ ድረስ ቦታውን እንደ ያዘ ነው። የፎቶግራፍ ማኅደሩን ከፍታችሁ ቅርጫቱን ፈልጉ፤ በስሕተት የገባ ነገር ካለ መልሱ፥ ከዚያ ቅርጫቱን ባዶ አድርጉ።

«ስልክ አጽጂ» እየተባሉ ማስታወቂያ የሚነገርላቸውን ፕሮግራሞች አትጫኑ። ቦታ በጠበበበት ቤት ሌላ እንግዳ ማስገባት ነው፤ አብዛኞቹም ማስታወቂያ ከማሳየት በቀር ከላይ ከተነገረው የተለየ ሥራ የላቸውም።

ማስታወሻ ካርድ ማስገቢያ ያለው ስልክ ለያዙ መፍትሔው ይሰፋል። ካርዱን አስገብታችሁ ካሜራው ፎቶግራፉን በካርዱ ላይ እንዲያስቀምጥ በካሜራው ቅንብር አዝዙ። ካርድ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ በላዩ ከተጻፈው መጠን ያነሰ የሚይዝ ሐሰተኛ ካርድ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ሲሞላም ዐዲሱን እየተቀበለ ፋይሉን ያበላሻል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀን የማያስፈልጋችሁን ትልልቅ ቪዲዮ ገልብጣችሁ ሙሉበት፤ ሁሉም ከተከፈቱ ያን ጊዜ የማሳውን ፎቶግራፍ አደራ ስጡት። ያለዚያ ካርዱን ለሻጩ መልሱ።

ስልካችሁ አሮጌ ሆኖ ይህ ሁሉ ባይሳካ፥ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ ምክር በድምፅ የሚሰማ ስለ ሆነ በስልኩ ውስጥ ምንም ቦታ አይፈልግም፤ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክም ይበቃዋል።