ዕዳን መደበቅ ዕዳን ይጨምራል



በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ብዙዎቻችን ልናነሣው የምናፍርበትን ጉዳይ ነው። ይኸውም እዚህ አሜሪካ «ፔይዴይ ሎን» የሚባለውን፣ እስከሚቀጥለው ደመወዝ ድረስ የሚሰጠውን ብድር ወስዶ ሳይከፍሉ ከሥራ መሰናበት ነው።

በመጀመሪያ የብድሩን ጠባይ እንወቅ። አበዳሪው ቤት ወይም መኪና በመያዣነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ ነው። ብድሩ ባብዛኛው ከ500 ዶላር አይበልጥም፤ የሚመለሰውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በብዙ ስፍራ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 15 ዶላር ይከፈልበታል። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለት ሳምንት ዋጋ ብቻ ስለሆነ በዓመት ሲታሰብ ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። ወላጆቻችን አራጣ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ 300 ዶላር የተበደረ ወጣት ሥራው ቢቋረጥበት፣ የክፍለ ሀገሩ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ አበዳሪው «45 ዶላር ብቻ ከፍለህ ጊዜውን አራዝም» ይለዋል። አራት ጊዜ ቢያራዝም 180 ዶላር ከኪሱ ይወጣል፤ የ300 ዶላሩ ዕዳ ግን እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ያንን ለመክፈል ሌላ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። ለቤተ ሰቡ አይናገርም፤ ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፤ ከጓደኞቹም ይርቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ከዕዳው ይልቅ የሚጎዳው ዝምታው ነው።

እንግዲህ ይህ ቢደርስብን ምን እናድርግ?

1ኛ/ ሥራው እንደ ተቋረጠ ሳንዘገይ «አንኢምፕሎይመንት» የሚባለውን የሥራ አጥ አበል እናመልክት። አበሉ ምጽዋት አይደለም፤ አሠሪዎች በሚከፍሉት ግብር ለዚሁ ጊዜ የተዘጋጀ ነው።

2ኛ/ ያለንን ገንዘብና ያለብንን ዕዳ በወረቀት ላይ እንጻፍ። ምግብ፣ የቤት ኪራይና መብራት ይቅደሙ። አበዳሪው አብዝቶ ቢደውልም ከቤት የሚያስወጣን ያልተከፈለ ኪራይ ነው።

3ኛ/ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ አበዳሪውን እናነጋግር። ያለ ተጨማሪ ክፍያ በየጊዜው ከፋፍለን እንድንከፍል እንጠይቅ፤ ይህን የሚያስገድዱ ክፍላተ ሀገር አሉ። የተስማማነውን በጽሑፍ እንቀበል።

4ኛ/ አበዳሪው ከባንካችን ገንዘብ እንዲወስድ የሰጠነውን ፈቃድ መሻር እንችላለን። ለአበዳሪው በጽሑፍ፣ ለባንኩም ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀን በፊት እናስታውቅ። እንዲህ ካላደረግን ባዶው ሒሳባችን ላይ የባንክ መቀጫ ሊደራረብ ይችላል። ዕዳው ግን በዚህ አይሰረዝም።

5ኛ/ በማስፈራሪያ አንሸበር። የብድር ዕዳ አለመክፈል ብቻውን አያሳስርም። በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የሌላውን ዕዳ የሚሰበስቡ ድርጅቶች በእስራት እንዳያስፈራሩ፣ እንዲሁም በአገራችን አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውሉ ይከለክላል። ሆኖም የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ፈጽሞ ችላ ማለት አይገባም፤ በሌለንበት ይፈረድብናልና። ነጻ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶችን እንጠይቅ።

ሕጉ በየክፍለ ሀገሩ እንደሚለያይም እንወቅ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ የእነዚህ ብድሮች ዓመታዊ ወለድ በ36 በመቶ ተገድቧል፤ በቴክሳስ ግን ዋጋው እስካሁን እጅግ ከባድ ነው።

ሥራ ያለን ወጣቶችስ ድርሻችን ምንድር ነው? አንደኛ፣ የተቸገረውን ጓደኛችንን ምሥጢር መጠበቅ ነው፤ ሐሜት ብንጨምርበት ወደ አራጣ አበዳሪው መልሰን እንገፋዋለን። ሁለተኛ፣ እቁብ ካለን ተራችንን ልንለቅለት እንችላለን። የ300 ዶላሩ ዕዳ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ የእቁቡን መዋጮ ደግሞ ሥራ ሲይዝ ያለ ወለድ ይተካል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የተበደረ ሰው ሌባ አይደለም። ዕዳውን አምኖ፣ ሒሳቡን ይዞ፣ ከሰው ጋር መክሮ የሚከፍል ሰው ክብሩን አይጥልም።

የመወያያ ጥያቄዎች፤

ሀ/ አንድ ጓደኛችን ከስብሰባችን በድንገት ቢርቅ፣ ሳናሳፍረው ችግሩን እንዴት ልንጠይቀው እንችላለን?

ለ/ ከመካከላችን ሥራ ለሚቋረጥበት ሰው የሚሆን አነስተኛ መዋጮ ብንጀምር፣ በወር ምን ያህል ልናዋጣ እንችላለን?