አምስቱ ምስክሮችና ስድስተኛው ቁጥር



አንድ ነገር አምስት ጊዜ ተፈትኖ አምስቱንም ጊዜ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ስድስተኛውን ሳንመረምር ልንቀበለው ይገባናልን? ይህን ጥያቄ በአንድ ትልቅ ቁጥር፣ ይኸውም በ4,294,967,297 አማካይነት እንመልከት።

አስቀድመን ብቸኛ ቁጥር ማለት ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ቁጥር ብቸኛ ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን 3 እና 5 ስለሚያካፍሉት ብቸኛ አይደለም።

አሁን ከ2 እንነሣና የምናገኘውን ቁጥር ሁሉ መልሰን በራሱ እናባዛ። 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እና 4,294,967,296 እናገኛለን። በእያንዳንዱ ላይ 1 ስንጨምር ደግሞ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እና 4,294,967,297 ይሆናሉ።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ናቸው። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ የሕግ ሰው የነበረው ፒየር ደ ፌርማ ይህን ተመልክቶ፣ ተከታዮቹም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ማመኑን እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤ ገለጸ። ሆኖም ማረጋገጫ እንዳላገኘለት አልሸሸገም።

ስድስተኛውን መመርመር ቀላል አይደለም። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን፣ ትንሹ ከ65,536 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን 6,542 ናቸው። ይህን ሁሉ ማካፈል ማን ይችላል?

የስዊስ ተወላጁ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 መልሱን አስታወቀ። ኋላም ሥራውን የሚያቃልል ሕግ አስረዳ፤ ይኸውም ስድስተኛውን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፣ እርሱ ራሱ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፋል የሚል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከታች ወደ ላይ ስንሄድ የምናገኛቸው ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አራቱ ሲሞከሩ ቀሪ ይተዋሉ። አምስተኛው ግን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አረጋግጡ። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200 ይሆናል፤ በ41 ሲባዛ 274,717,097 ይሆናል። ሁለቱን ደምሩ።

እንግዲህ አምስት ምስክሮች የተስማሙበትን ነገር አንድ ቁጥር አፈረሰው። ምሳሌ መንገድ ያመለክታል እንጂ ማረጋገጫን አይተካም።

ከዚያ ወዲህ ከስድስተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ያሉት ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል። ታዲያ «ከአምስቱ በቀር ሌላ ብቸኛ ከቶ አይገኝም» እንበልን? አንልም። ይህም እስከ ዛሬ አልተረጋገጠምና፣ እንዲህ ብንል ምሳሌ ቆጥረን መፍረዳችን ነው። «እስከ አሁን አልተገኘም» እና «ሊገኝ አይችልም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። በትምህርታችንም ሆነ ስለ ሰው በምንናገረው ሁሉ ሁለቱን ለይተን እንወቅ።